ማንም «ዘመዴ ናት» ያላላት ትል

እ.ኤ.አ. በ1915 አውሮፓ በጦርነት ትታመስ ነበር። ስዊድን ግን ገለልተኛ ሆና ስለተቀመጠች፣ በምዕራብ ጠረፏ ባለው በክሪስቲንበርግ የባሕር ምርምር ጣቢያ የወትሮው ሥራ አልተቋረጠም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጣቢያው የቆመው በጉልማር ፍዮርድ ዳር ነው፤ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ፣ ጠባብና ጥልቅ ወሽመጥ። ወለሉ ጭቃ ነው። ሲክስተን ቦክም ከዚያ የሚፈልገው ጭቃውን ነበር።

ሥራው ላየው ሰው የሳይንቲስት ሥራ አይመስልም። በገመድ የታሰረ የብረት መዛቂያ ከጀልባ ወደ ታች ይለቀቃል፤ ወለሉን እየፋቀ ይጎተታል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይሳባል። የወጣው ጭቃ ወንፊት ላይ ይፈስና በባሕር ውሃ ይታጠባል። ደቃቁ ያልፋል፤ ዛጎሉ፣ ቀንድ አውጣውና ትሉ ይቀራል። ብዙዎቹን ቦክ ገና ሲያያቸው የሚያውቃቸው ናቸው። በተለይ ጠፍጣፋ የባሕር ትሎችን በማጥናት የታወቀ ሰው ነበርና፣ ከወንፊቱ ላይ የሚለቀም ትል እሱን ያደናግራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

አንዷ ግን አደናገረችው።

ርዝመቷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መልኳ ቢጫ አዘል ቡናማ። ገላዋ በጥቃቅን ፀጉሮች ተሸፍኗል፤ በእነሱም ጭቃው ላይ ቀስ እያለች ትንሸራተታለች። ከሆዷ ሥር አፍ አላት። ከአፉ ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሉ ግን በ«የለም» የሚነገር ነው። አንጎል የላትም። ዓይን የላትም። ልብና ደም ሥር፣ ኩላሊትና የመተንፈሻ አካል የላትም። ፊንጢጣም የላትም፤ የበላችው ምግብ ዝቃጩ የሚወጣው በገባበት በአፏ ነው። ዕንቁላልና ዘር ታመርታለች፤ የሚያመርት የተለየ ብልት ግን የላትም። ነርቮቿ ቆዳዋ ሥር እንደ መረብ ከመዘርጋት በቀር አንድ ቦታ አይሰበሰቡም።

ቦክ ስም አላወጣላትም፤ ስለ እሷ ያሳተመውም ነገር የለም። እንዲሁ እንዳቆያት በ1946 ሞተ። ትሏን ለዓለም ያስተዋወቃት ሌላው ስዊድናዊ አይናር ዌስትብላድ ነው፤ ያም በ1949፣ ከጭቃው ከወጣች ከ34 ዓመት በኋላ። ዌስትብላድ ገላዋን በስሱ እየሸነሸነ በማይክሮስኮፕ አያት። ለቦክ መታሰቢያ ትሆን ዘንድም «ዜኖቱርቤላ ቦኪ» አላት፤ ከጠፍጣፋ ትሎች መካከልም እጅግ ጥንታዊዋ ሳትሆን አትቀርም ሲል መደባት። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎ ነበር።

ያላበቃበትን ምክንያት ለመረዳት ታሪኩን ገታ አድርጎ ስለ ትሎች ጥቂት ማውራት ያስፈልጋል። ረጅም፣ ለስላሳና እግር የሌለው ገላ በእንስሳት ዓለም ውስጥ በልዩ ልዩ ዘር፣ በልዩ ልዩ ዘመን፣ እየተደጋገመ የመጣ ነው። የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያማርርባቸውን ሦስቱን እንውሰድ፦ ወስፋትን፣ ኮሶንና አልቅትን። ላያቸው ሰው ወንድማማቾች ይመስሉታል። ነገር ግን ወስፋት ከኮሶ ይልቅ ለፌንጣ ይቀርባል፤ ሁለቱም ቆዳቸውን እየጣሉ የሚያድጉ ናቸው። ኮሶና አልቅት በፊናቸው ከቀንድ አውጣ ጋር ወደ አንድ ትልቅ ጎራ ይገባሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንስሳትን በየወገኑ የደለደለው ካርል ሊኒየስ፣ እሱም የስዊድን ሰው፣ ይህን ጣጣ በቀላሉ ነበር የተገላገለው፦ አከርካሪ የሌለውንና ከነፍሳት ጎራ ያልገባውን ሁሉ «ትሎች» በሚል አንድ ምድብ አጎረው። ቀንድ አውጣው፣ ዛጎሉ፣ የባሕር ኮከቡ እዚያ ነበሩ። ሃግፊሽ የምትባለዋ ዓሣ መሰል ፍጥረት እንኳ አላመለጠችም። ከእሱ በኋላ የመጡት የእንስሳት ተመራማሪዎች ብዙ ሥራቸው ያን የታጎረ ሁሉ እየለቀሙ ለየዘመዱ መመለስ ሆነ።

ለመመለስ ደግሞ ምልክት ያስፈልጋል። ይህኛው ገላው በቀለበት የተከፋፈለ ነውና ከምድር ትል ጋር ይሂድ፤ ያኛው ጠፍጣፋና ሆደ ድፍን ነውና ከኮሶ ጋር ይሂድ ይባላል። ትል የምትለየው ባላት ነገር ነው። ምንም የሌላት ትል በምን ትለያለች? የዜኖቱርቤላ መከራ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ላይ «የለም» ሁለት ዓይነት መሆኑ ነገሩን አከረረው። አንድ እንስሳ አንጎል የሌለው ከመጀመሪያው ስላልነበረው ሊሆን ይችላል፤ ቅድመ አያቶቹ ኖሯቸው እሱ ዘንድ ሲደርስ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ዜኖቱርቤላ ከጥንትም ያልነበራት ናት፣ ወይስ አግኝታ ያጣች?

ኦስትሪያዊው ኤሪክ ራይዚንገር በ1960 ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። ቆዳዋንና የነርቭ መረቧን አይቶ፣ ይህች ጠፍጣፋ ትል ሳትሆን ወደ ባሕር ኮከቦች ወገን የምትጠጋ ናት አለ። ሌሎች አልተቀበሉትም። እንዲህ ሲባል፣ እንዲያ ሲባል ሠላሳ ዓመት አለፈ። በየመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ «ቦታቸው ያልታወቀ» በሚለው ርዕስ ሥር ስሟ ይጻፋል፤ ገጹ ይገለበጣል።

በ1997 ግን ድንገት ተፈታ ተባለ።

በታዋቂው «ኔቸር» መጽሔት አንድ እትም ላይ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን ወጡ። የመጀመሪያው የሚካኤል ኖሬንና የኡልፍ ጆንዴሊየስ ነበር። ጊዜው የዘረመል ነበርና፣ ሁለቱ ስዊድናውያን ከትሏ ዘረመል አውጥተው ከሌሎች እንስሳት ጋር አነጻጸሩት። ኮምፒዩተሩ ወደ ጠፍጣፋ ትሎችም ወደ ባሕር ኮከቦችም አላመራቸውም። ትሏ በሁለት ክፋይ ዛጎል ውስጥ ከሚኖሩት ለስላሳ ፍጥረታት መካከል አረፈች፤ ይልቁንም ኑኩላ ከምትባለው ትንሽ ዛጎል አጠገብ። ሁለተኛው ጽሑፍ የኦሌ እስራኤልሰን ነው። እሱ ዘረመል ሳይነካ በትሏ ገላ ውስጥ ያሉትን ዕንቁላሎች በማይክሮስኮፕ ተከታተለ። የዕንቁላሎቹ አስተዳደግም የዛጎል አስተዳደግ ሆኖ ተገኘ።

ሁለት የተለያየ መንገድ፣ አንድ መድረሻ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሐሳቡም ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በ1730ዎቹ የኔዘርላንድን የባሕር መከላከያ ግድብ እንጨት የቦረቦረው «የመርከብ ትል» በእውነቱ ትል ሳይሆን ገላው የረዘመ ዛጎል ነው። በሌላ እንስሳ ሆድ ውስጥ እየኖሩ ዛጎላቸውን ጥለው ትል የሚመስሉ ቀንድ አውጣዎችም አሉ። ዜኖቱርቤላም ሕፃን ሳለች ዛጎል፣ ስታድግ ሁሉን ጥላ እርቃኗን የቀረች ፍጥረት ብትሆን ምን ይገርማል? አግኝታ ያጣች ናት የሚለው ወገን ያሸነፈ መሰለ። ብዙ ሰው አመነ።

ጥቂቶች ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። ትሏ የምትኖረው ጭቃ ውስጥ ነው። ኑኩላም የምትኖረው በዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። ትሏ ደግሞ አፍ አላት።

ሣራ ቡርላና ማክሲሚሊያን ቴልፎርድ ከዴንማርኩ ክላውስ ኒልሰንና ከለንደን ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ናሙናውን እንደገና መረመሩት። ዘረመሉን ደጋግመው ሲያወጡት አንድ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ሆኖ መጣ። አንደኛው የዛጎል ነው፤ በዚያው ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ዛጎሎች ጋርም ይገጥማል። ሁለተኛው ከዛጎል ጋር ምንም አይገናኝም። የትኛው የትሏ ነው? መልሱ አሳፋሪም አስቂኝም ነበር። የዛጎሉ ዘረመል የመጣው ከምሳዋ ነው። ክትፎ የበላን ሰው ሆድ መርምሮ «ይህ በሬ ነው» ብሎ እንደመፈረም ያለ ነገር ተፈጽሟል። ጽሑፋቸው በ2003 በዚያው በ«ኔቸር» ወጣ፤ ዛጎል መብላቷም በርዕሱ ላይ ሳይሸሸግ ተጻፈ።

በኖሬንና በጆንዴሊየስ ላይ መሳቅ ይቀላል። ግን ፍትሐዊ አይደለም። ሆዷ ከገላዋ አብዛኛውን ክፍል የሚይዝ፣ መውጫ ቀዳዳ የሌላት፣ ዛጎል ብቻ የምትበላ ትል ስትመረመር ምሳዋን ከራሷ መለየት እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ከመሳሳቱ በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ምሳዋ ከተለየ በኋላ የቀረው ሁለተኛው ዘረመል ግን ከመጀመሪያው የባሰ ጉድ ይዞ መጣ። የጠቆመው ወደ ባሕር ኮከብና ወደ ባሕር ጃርት ነበር፤ ማለትም ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ዝሆንና ሰው ወደሚገኙበት ሰፊ ወገን። ራይዚንገር ከ43 ዓመት በፊት ያለው፣ ማንም ያልሰማው ነገር ተመልሶ መጣ። አንጎል አልባዋ የጭቃ ትል ለወስፋትም ለአልቅትም ሳይሆን ለእኛ ትቀርባለች ተባለ። በ2006 ከየትኛውም የእንስሳ ክፍል ጋር የማትደረብ መሆኗ ታውቆ የራሷ ክፍለ እንስሳ ተሰጣት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር የተገነባው ከሰሜን አውሮፓ ባሕር በወጣች በአንዲት ዝርያ ላይ ነበር። እህት ይኑራት አይኑራት የሚያውቅ የለም። ዕድል የመጣው ማንም ባልጠበቀበት በሌላው የዓለም ዳርቻ ነው።

በ2004 ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ማዶ፣ በሞንቴሬይ የባሕር ሸለቆ ውስጥ፣ «ቲቡሮን» የተባለ በርቀት የሚታዘዝ ሮቦት ወለሉን በካሜራው እየቃኘ ነበር። ላይ መርከቡ ውስጥ ቦብ ፍራይነሆክና ባልደረቦቹ ምስሉን ይከታተላሉ። ሮቦቱ ብዙ ዛጎል በሰፈረበት ጭቃ ላይ ሲደርስ መብራቱ ውስጥ አንድ ሐምራዊ ነገር ገባ። የተጣለ ካልሲ ይመስላል። ዓይን የለው፣ ጅራት የለው፣ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ስሙን ማንም ስላላወቀ «ሐምራዊው ካልሲ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ናሙናው ወጥቶ ዘረመሉ ሲታይ ግን ቀልዱ ቀረ። ካልሲው ዜኖቱርቤላ ነበር፤ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዜኖቱርቤላ!

ግሬግ ራውስ፣ ፍራይነሆክና ጓደኞቻቸው አልቸኮሉም። ምናልባትም የ1997ቱን ነገር የሰማ ሰው መቸኮል አያምረውም። ተጨማሪ ናሙና ፍለጋ ለዓመታት ወደ ጥልቁ ተመላለሱ። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሌሎች ተገኙ፤ አንዷ የተገኘችው ወደ 3,700 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ ፍል ውሃ ከምድር በሚፈልቅበት ቦታ ነው። ሌላዋ አሥር ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ ሮዝ መሳይ፣ ገላዋ በቁመቱ የተሰነጠረ ነበረችና «ቹሮ» ከሚባለው በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ ጋር ስለተመሳሰለችባቸው «ዜኖቱርቤላ ቹሮ» ብለው ሰየሟት። በአጠቃላይ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ሆኑ። የመጀመሪያው ካልሲ ከታየ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ2016 ውጤታቸው ታተመ።

በእነዚህ ዓመታት ግን እነ ቴልፎርድም እንቅልፍ አልነበራቸውም። በ2011 ቴልፎርድና ፈረንሳዊው ኤርቬ ፊሊፕ ከብዙ ባልደረቦች ጋር አኮኤላ የሚባሉትን ጥቃቅን ትሎች ወደ ታሪኩ አስገቡ። እነሱም አንድ አፍ ብቻ ያላቸው፣ ፊንጢጣ የሌላቸው ናቸው፤ ዌስትብላድም በ1949 ትሏን ያስጠጋት ወደ እነሱ ነበር። አሁን በዘረመል ሲታይ እውነትም ዘመዶቿ ሆኑ። ያለ ዘመድ 96 ዓመት የቆየች ትል በመጨረሻ ቤተሰብ አገኘች፤ በዚህ ላይ ዛሬ የሚከራከር ብዙ ሰው የለም። ቤተሰቡ በሙሉ ግን የት ይቀመጥ? ቴልፎርድና ፊሊፕ ሁሉንም ጠቅልለው ከባሕር ኮከቦች አጠገብ አስቀመጧቸው።

ሂሮአኪ ናካኖ የተባለ ጃፓናዊ በበኩሉ ዘረመሉን ለሌሎች ትቶ ወደ ዕንቁላሉ ሄደ። በ2013 ያሳተመው ጽሑፍ የዜኖቱርቤላ ቦኪን ሽሎች ሲፈለፈሉ ያሳያል። የተፈለፈሉት ሕፃናት አፍ እንኳ የላቸውም፤ ፀጉር የለበሱ፣ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ድቡልቡሎች ናቸው። ዛጎል ሊሆን የሚመስል ምንም ነገር አልታየባቸውም። የ1997ቱ ታሪክ ያኔ በይፋ ተቀበረ። ሕፃኗ የባሕር ኮከብን ልጅም አለመምሰሏ ግን ለቴልፎርድ ወገን ምቾት አልሰጠም።

ከዚያ የ2016ቱ የካቲት መጣ። የራውስ ጽሑፍ በ«ኔቸር» ሲወጣ ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ የጆአና ካኖን፣ የአንድሬያስ ሄይኖልና የሌሎችም ጽሑፍ ነበር፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ ኡልፍ ጆንዴሊየስ ነው። አዎ፣ በ1997 ትሏን ዛጎል ያላት ያው ጆንዴሊየስ። ሁለቱም ጽሑፎች ለየብቻ ተሠርተው አንድ ነገር አሉ። የራውስ ቡድን 1,200 የሚጠጉ ጂኖች አነጻጽሯል። ዜኖቱርቤላና አኮኤላዎች ከባሕር ኮከብ ጋር አይሄዱም። ቦታቸው ግራና ቀኝ ያለው ገላ ካላቸው እንስሳት ሁሉ የዘር ግንድ ግርጌ ነው፤ ነፍሳቱም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ሰውም ገና ሳይለያዩ በፊት የተገነጠሉ ናቸው። ትሏ ከጥንትም ያልነበራት ናት ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ የሁላችንም የሩቅ ቅድመ አያት አንጎልም ኩላሊትም ያልነበራት፣ ባንድ ቀዳዳ በልታ ባንድ ቀዳዳ የምታስወጣ የጭቃ ተንሸራታች ነበረች።

እንደገና ሁለት ማስረጃ ጎን ለጎን፣ እንደገና በ«ኔቸር» ላይ። የ1997ቱን የሚያስታውስ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከሦስት ዓመት በኋላ መልስ መጣ። በ2019 ፊሊፕና ቴልፎርድ አንድ አሮጌ ወጥመድ አነሡ። የአኮኤላዎች ዘረመል ከሌሎች እንስሳት በፈጠነ ሁኔታ ይለዋወጣል። ብዙ የተለወጠ ዘረመል ደግሞ የስሌቱን ፕሮግራም ያሳስታል፤ ባለቤቱ ዕድሜ ጠገብ ሳይሆን ዕድሜ ጠገብ ይመስልና ወደ ግንዱ ግርጌ ይሳባል። ይህን ስሕተት ለመቀነስ በታሰበ ስሌት ሲሠራ፣ ትሏ ከግርጌ ተነሥታ ወደ ባሕር ኮከብና ወደ ባሕር ጃርት ጎን ተመለሰች። አግኝታ ያጣች ናት፣ ኩላሊቱም ፊንጢጣውም ነበራት፣ በኋላ ጣለችው አሉ። ሌላው ወገን አልተቀበለም። ጆንዴሊየስ በአንድ በኩል፣ ቴልፎርድ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም ለዓመታት ሲያሳድዷት የኖሩት ትል በመካከል ቀረች።

በ2024 ፊሊፕ ሺፈር፣ ቴልፎርድና ባልደረቦቻቸው የዜኖቱርቤላ ቦኪን ሙሉ ዘረመል በ18 ክሮሞዞሞች ደርድረው አሳተሙ። ገላዋን ያየ ሰው ድሃ ዘረመል ቢጠብቅ አይፈረድበትም። የተገኘው ግን ውስብስብ ገላ ካላቸው እንስሳት የማይተናነስ የጂን ሀብት ነው። «ያጣችው ገላዋን እንጂ ሀብቷን አይደለም» ለሚለው ወገን ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል። ችግሩ፣ ጄሊፊሽና ዘመዶቿም አንጎል ሳይኖራቸው የጂን ሀብታሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አግኝተው አጡ የሚላቸው የለም። ስለዚህ የጂኑ ብዛት ሙግቱን አልዘጋውም። በዚህ መካከል ናካኖ በ2017 በአገሩ በጃፓን ባሕር ሌላ ዝርያ አግኝቶ «ዜኖቱርቤላ ጃፖኒካ» ብሏታል፤ ቀጣዩ ተስፋም የእሷን ሽል ከመጀመሪያው ሕዋስ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መከታተል ነው። የኩላሊት ወይም የፊንጢጣ ጅማሬ ለአንድ አፍታ እንኳ ብቅ ብሎ ቢጠፋ፣ ለቴልፎርድ ወገን ከአንድ ሺህ ጂን ይበልጥ ነበር።